የ1934 ፎርድ ኩፔ ጣሪያን ስለማሳጠር፦ ዝገቱ ይቅደም ወይስ መቁረጡ?

የ1934 ፎርድ ባለ አምስት መስኮት ኩፔ ያላቸው የቡድናችን አባል የበሮቹና የኋላ ጎኖቹ ግርጌ በዝገት መበላቱን ገልጸው፣ ጣሪያውን የሚሸከሙትን ምሰሶዎች ቆርጠው በማሳጠር በ7.5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ለማድረግ ማሰባቸውን ጽፈዋል። የጠየቁትም ከዝገቱና ከጣሪያው የትኛው እንደሚቀድም፣ ከተቆረጡ በኋላ ምሰሶዎቹ ፊት ለፊት ባይገጥሙ ምን እንደሚደረግ፣ መስታወቱስ እንዴት እንደሚሆን ነው። በአሮጌ መኪኖች ቦዲ ላይ ለብዙ ጊዜ የሠራሁ ባትላሜራ ስለሆንኩ፣ በእጄ ካለፈው ሥራ ተነሥቼ ልመልስልዎ።

ዝገቱ ይቅደም። ምክንያቱ የሥራ ቅደም ተከተል ማሳመር አይደለም። ጣሪያ ሲቆረጥ ልክ የሚወሰደው ከበሮቹ ክፍተት ነው፤ የበሮቹን ክፍተት የሚወስነው ደግሞ ቦዲውን በሻንሲው ላይ የሚያስቀምጠው የታችኛው ተሸካሚ ብረት ነው። ይህ ብረት በዝገት ሳስቶ ቦዲው በመካከሉ ጥቂት ሚሊ ሜትር እንኳ ሰምጦ ከሆነ፣ በሩ ከላይ ተጣብቦ ከታች ይከፈታል። በዚህ ሁኔታ ላይ እያለ ጣሪያው ተቆርጦ ቢበየድ፣ ጥመቱ ለዘለቄታው በብየዳ ታሰረ ማለት ነው። በኋላ የታችኛው ብረት ሲስተካከል፣ በደንብ ገጥሞ የነበረው ጣሪያ በተራው ይዛባል። ስለዚህ ቦዲው በሻንሲው ላይ በብሎኑ ታስሮ፣ ሻንሲው በውሃ ልክ ተስተካክሎ በጠንካራ መቆሚያ ላይ ተቀምጦ፣ በሮቹም ተሰቅለው ዙሪያቸው እኩል ክፍተት እስኪኖረው ድረስ ወደ ጣሪያው ቀና ብለው ባያዩ ይሻላል።

ዝገቱን ሲያወጡ ከሁለቱ ጎኖች አንዱን ብቻ ይክፈቱ። ያልተነካው ጎን ቢበሰብስም እንኳ የቅርጹ ምስክር እርሱ ነው፤ የካርቶን ልክ የሚወጣውም ከእርሱ ላይ ነው። ከመቁረጥዎ በፊት የበሩን ክፍት ቦታ በባለ አራት ማዕዘን ቱቦላሬ ከጥግ ወደ ጥግ ያስሩት፤ ግራና ቀኙንም በአግድም ያያይዙ። የበሰበሰውን ክፍል ዝገቱ እስከሚታይበት ድረስ ብቻ ሳይሆን፣ ከኋላውም ከፊቱም ንጹሕ ብረት እስኪገኝ ድረስ ቆርጠው ያንሡት። የሚተካው ላሜራ ውፍረት ከነባሩ ጋር አንድ መሆን አለበት፤ በ1930ዎቹ መኪኖች ላይ በአብዛኛው አንድ ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ላሜራውን ላሜራ ላይ ደርቦ መበየድ ቀላል ቢመስልም በመካከሉ ውሃ የሚይዝ ስንጥቅ ስለሚተው፣ ጫፍ ለጫፍ አጋጥሞ መበየድን እመርጣለሁ። አሸዋ በግፊት መርጨትን በተመለከተ፣ ለሻንሲና ለጥጋጥጉ ጥሩ ነው፤ ለሰፊው የበር ገጽና ለጣሪያው ግን አይሆንም። ላሜራውን ይለጥጠውና ያጐብጠዋል፣ ከዚያ በኋላ ለማቃናት የሚፈጀው ድካም ከዝገቱ ይብሳል።

ወደ ጣሪያው እንምጣ። የፊት ምሰሶዎቹ ቀጥ ብለው የቆሙ ቢሆኑ ኖሮ ሥራው ቆርጦ ማውረድና መበየድ ብቻ በሆነ ነበር። የእርስዎ መኪና ምሰሶ ግን ከ1932ቱ ፎርድ ይልቅ ወደ ኋላ ያዘነበለ ነው። ወደ ኋላ ያዘነበለ ምሰሶ ከመካከሉ ቁራጭ ወጥቶለት የላይኛው ክፍል ቀጥ ብሎ ሲወርድ፣ ከታችኛው ጉማጅ ኋላ ያርፋል። ልዩነቱን አስቀድሞ ማስላት ይቻላል፤ ምሰሶው ከቀጥታው 10 ዲግሪ ቢያዘነብል 7.5 ሳንቲ ሜትር ሲወርድ 13 ሚሊ ሜትር ያህል ይሸሻል፣ 15 ዲግሪ ቢሆን ወደ 20 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። የኋላው ገጽ ደግሞ ወደ ላይ ሲሄድ ወደ ፊት ስለሚያዘነብል፣ በዚያ በኩል የላይኛው ክፍል ከታችኛው ፊት ይገባል። ጎኖቹም ወደ ውስጥ ስለሚያዘነብሉ በስፋትም ጥቂት ይጠብባል። ባጭሩ ጣሪያው ሲወርድ ለሥረኛው ቦዲ አጭርና ጠባብ ሆኖ ይገኛል፤ እርስዎ የፈሩት አለመገጣጠም ይህ ነው፣ የማንም የቆረጣ ጉድለት አይደለም።

መፍትሔው ሁለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱም በጥቂት በጥቂቱ ይደባለቃሉ። አንደኛው የታችኛውን ጉማጅ ከሥሩ በስንጥቅ አላልቶ ወደ ኋላ ማዘንበል ነው። ይህን ሲያደርጉ የፊት መስታወቱ ተዳፋትነት ይለወጣል፤ የበሩ የፊት ጠርዝም በዚያው ልክ መዘንበል ይኖርበታል። ሁለተኛው ጣሪያውን በወርዱ ከፍሎ ማስረዘም ነው፤ እዚህ ላይ የ1934 ባለቤት ዕድለኛ ነው። ፎርድ በዚያ ዘመን የጣሪያውን መካከል በብረት ሳይሆን በእንጨት ርብራብ ላይ በተወጠረ ሸራ ይሸፍነው ስለነበር፣ ጣሪያውን ለማስረዘም የሚቆረጠው ግራና ቀኝ ያለው ጠባብ የብረት ዳር ብቻ ነው። ክፍቱ መካከል በኋላ በአንድ ወጥ ላሜራ ይዘጋል። ያ ላሜራ ግን በሁለቱም አቅጣጫ ጥቂት ጉብታ ሊሰጠው ይገባል፤ ጠፍጣፋውን ከገጠሙት መኪናው በተንቀሳቀሰ ቁጥር እንደ ከበሮ ሲደልቅ ይኖራል።

የቆረጣው መስመር በሁሉም ምሰሶ ላይ አንድ ከፍታ መሆን የለበትም። በእያንዳንዱ ምሰሶ ላይ ከላይና ከታች ያለው ቅርጽ እጅግ የሚቀራረብበትን ቦታ ይፈልጉ፤ ሁለት ጊዜ የሚቆረጠው እዚያ ነው። ደግሞም የምሰሶው የውስጥ ብረትና የውጭ ቆዳ በአንድ መስመር እንዳይቆረጡ፣ አንዱን ከፍ ሌላውን ዝቅ አድርገው በደረጃ ይቁረጡ። እንዲህ ሲሆን የብየዳው መስመሮች አይደራረቡም፤ ከውስጥም እጅጌ የሚሆን ቁራጭ ብረት ማስገባት ይቻላል። ከመቁረጥዎ በፊት በቦዲው ላይ የማይንቀሳቀሱ ነጥቦችን ምልክት አድርገው፣ ከአንዱ ወደ ሌላው በአግድምና በሰያፍ ለክተው ይጻፉ፤ የጣሪያውንም መካከለኛ መስመር በቱምቢ ወደ ወለሉ ያውርዱት። ጣሪያውን የሚያነሡና የሚያወርዱ ሰዎች ያስፈልጉዎታል፤ ብቻዎን አይሞክሩት። የነዳጅ ታንኩ ከነቧንቧው ከመኪናው ይውጣ፣ ባትሪውም ይነሣ፤ በጣሪያውና በበሮቹ ውስጥ ያለው አሮጌ እንጨትና የወንበር ሙሌት በብየዳ ፍንጣሪ በቀላሉ ስለሚያያዝ እሳት ማጥፊያ ከአጠገብዎ አይጥፋ።

7.5 ሳንቲ ሜትር ይበዛ እንደሆነ አልጠየቁም፤ ቢሆንም ልናገር። ሦስት ኢንች ብዙ ሰው የሚጠቅሰው ልክ ነው፤ ነገር ግን ቁጥሩን ከሌላ ሰው መኪና መዋስ አልወድም። መኪናውን ከጎኑ፣ ከበሩ እጀታ ከፍታ፣ ራቅ ብለው ፎቶ ያንሡት፤ ፎቶውን አትመው በመስኮቶቹ መካከል በመቀስ ይቁረጡትና የላይኛውን ክፍል በተለያየ ልክ እያወረዱ ይመልከቱት። ቀጥሎ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው የፊት መስታወቱን የላይኛውን 7.5 ሳንቲ ሜትር በወረቀት ይሸፍኑት። ከፍ ብሎ የተሰቀለ የትራፊክ መብራት ለማየት አንገትዎን የሚሰብሩ ከሆነ ወይ ወንበሩ ዝቅ ይበል፣ ወይ ቆረጣው ወደ 5 ሳንቲ ሜትር ይቀነስ። በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ በካሊፎርኒያ ደረቅ ሐይቆች ላይ ይወዳደሩ የነበሩ ወጣቶች ጣሪያ ያሳጥሩ የነበረው ነፋስ የሚመታውን ገጽ ለመቀነስ ነው፤ ከመንገድ መብራት ጋር ጉዳይ አልነበራቸውም።

ብየዳው ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። በሚግ (ሽቦውን ራሱ እየመገበ በሚበይድ መሣሪያ) የሚሠሩ ከሆነ 0.6 ሚሊ ሜትር ሽቦ ይጠቀሙ፤ በነጥብ በነጥብ፣ አንዱን ከሌላው አርቀው፣ ብረቱ በእጅ ሲነካ የማያቃጥል እስኪሆን እየጠበቁ ይሂዱ። በእርጥብ ጨርቅ ለማቀዝቀዝ አይቸኩሉ። ብየዳ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፣ ሲኮማተርም ዙሪያውን ያለውን ላሜራ ይስባል፤ በጣሪያው ሰፊ ገጽ ላይ የሚታየው ስርጉድ መነሻው ይህ ነው። መድኃኒቱ ከሥር መደገፊያ ብረት ይዞ የብየዳውን መስመር በመዶሻ እየመቱ መልሶ ማስረዘም ነው። የሚግ ብየዳ ጠጣር ስለሆነ ለዚህ እሺ አይልም፤ የቲግ (መሙያ ሽቦው በእጅ የሚጨመርበት ብየዳ) ግን ለስላሳ ነው። እኔ ምሰሶዎቹን በሚግ፣ ከውጭ የሚታየውን የጣሪያ ረጅም መስመር በቲግ እበይዳለሁ።

ሆኖም ሁሉም ነገር ገና በነጥብ እንደተያዘ፣ ሙሉ ብየዳ ከመጀመሩ በፊት፣ በሮቹና መስታወቱ መሞከር አለባቸው። የበሩን ክፈፍ በተመለከተ የእኔ ልማድ ጣሪያው በነጥብ ከተያዘ በኋላ በሩን ሰቅዬ፣ ክፈፉን በአዲሱ ክፍት ቦታ ልክ መቁረጥ ነው። አስቀድመው በሩን ቆርጠው ጣሪያውን ለእርሱ የሚያስተካክሉም አሉ፤ እኔ ግን በሩ ለቦዲው እንጂ ቦዲው ለበሩ ሲታዘዝ ማየት አይጥመኝም። የዚህ መኪና በር ማጠፊያው ከኋላ በኩል ስለሆነ፣ የኋላው የበር ምሰሶ በብየዳ ጥቂት ቢጠማዘዝ የበሩ የፊት ጫፍ ላይ ስሕተቱ ጎልቶ ይወጣል።

መስታወቱ ለእርስዎ ትልቅ ጭንቀት አይሁን፤ የ1934 መስታወት ሁሉ ጠፍጣፋ ነው። አሜሪካዊው የመኪና ቦዲ ሠሪ ሳም ባሪስ ጣሪያውን ያሳጠረው የ1949 መርኩሪ ዓይነት ክብ ትከሻና ጥምዝ ጣሪያ ያለው መኪና ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር። የፊት መስታወቱን ክፈፍ ከጎኖቹ ቆርጠው ካሳጠሩ በኋላ ከስስ ኮምፔንሳቶ ልኩን ያውጡ፤ ያንን ልክ በክፈፉ ውስጥ፣ የበሩንም ልክ በመውጫ መውረጃው ውስጥ ያለ ትግል እስኪገባ ይሞክሩት። መስታወት ቆራጭ ዘንድ የሚወስዱት ያንን ነው። በመካከሉ ፕላስቲክ ያለው ድርብ መስታወት ሁለቱም ገጽ ተጭሮ ሊቆረጥ ይችላል፤ በሙቀት የጠነከረው ግን ከተሠራ በኋላ ለመቁረጥ ሲሞከር ወደ ጥቃቅን ፍርፋሪ ይለወጣልና አሮጌ መስታወት ለማሳጠር ከማሰብዎ በፊት የትኛው እንደሆነ ያጣሩ።

የመጨረሻው ሙሌት ላይ ሰዎች ብዙ ይከራከራሉ። በምሰሶዎቹ መገጣጠሚያና በበር ጠርዝ ላይ እርሳስ እመርጣለሁ፤ 30 በመቶ ቆርቆሮና 70 በመቶ እርሳስ ያለው ቅይጥ ከ183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጀምሮ መለስለስ ስለሚጀምርና ሙሉ በሙሉ የሚቀልጠው ወደ 255 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ በመካከሉ በእንጨት ለመቅረጽ በቂ ጊዜ ይሰጣል። እርሳስ በሞረድ እንጂ በማሽን አይፈገፈግም፤ ብናኙ መርዝ ነው። እርሳሱ እንዲይዝ ከሥሩ የተቀባው አሲድም በደንብ ታጥቦ ካልጠፋ ከወራት በኋላ ቀለሙን ያነሣዋል። በሰፊው ገጽ ላይ ስቱኮ ምንም አይነወርም፤ ከ3 ሚሊ ሜትር እንዲበልጥ የሚጠይቅ ቦታ ካለ ግን መዶሻው ሥራውን አልጨረሰም። ከዚያ ኢፖክሲ ፀረ ዝገት፣ በረጅም መደገፊያ የተያዘ ብርጭቆ ወረቀት፣ ቀለም፤ ይህ ከማንኛውም መኪና የተለየ አይደለም።

ቱቦላሬዎቹን በሮቹ ከነመስታወታቸው ተዘግተው እስኪከፈቱና መኪናው በራሱ ጎማ ላይ እስኪቆም ድረስ አያንሷቸው። ለአሁኑ ግን ከሁለቱ በሮች ሥር ያለውን የተሸካሚውን ብረት ፎቶ ቢልኩልን መልካም ነው፤ ያ ብረት ሙሉ በሙሉ ይተካ ወይስ በቁራጭ ይጠገን የሚለውን ሳያዩ መናገር ስለማይቻል ነው።