አፈር ገብቶ የቀረው ሳላማንደር

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ፣ የምጽፍላችሁ ከፍኖተ ሰላም ነው። ወንድሜ ሚኒሶታ ነው የሚኖረው፣ የ11 ዓመት ልጁ ሳላማንደር የሚባል እንሽላሊት መሳይ ነገር በመስታወት ሳጥን ያሳድጋል፣ ጥቁር ሆኖ ቢጫ ነጠብጣብ ያለው፣ ታይገር ነው የሚሉት። ህዳር መጨረሻ ላይ አፈሩ ውስጥ ገባ በቃ ቀረ፣ ይኸው ሁለት ሳምንት አለፈው። ልጁ በኢሞ ደውሎ «አክስቴ፣ ሞተብኝ መሰለኝ» እያለ ያለቅሳል። የእንስሳት ጤና ስለተማርኩ ሁሉን የማውቅ ይመስለዋል፣ እኔ የማውቀው ላምና በግ ነው። ማንኪያ ይዞ ልቆፍረው ሲል ለጊዜው ተው ብዬዋለሁ፣ ምን ልበለው? ደሞ ለፋሲካ ስንመጣ ይዤው ልምጣ ይላል።

መልስ፦ እህቴ፣ ተው ማለትሽ ትልቅ ነገር ነው። እንሽላሊት ግን አይደለም፣ ዘመዱ እንቁራሪት ነው፣ ቅርፊት የለውም፣ በሳንባው ብቻ ሳይሆን በቆዳውም ስለሚተነፍስ ቆዳው ከደረቀ አለቀለት። አለማወቅሽ አይገርምም፣ ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ ሳላማንደር የለም።

ፍልፈልን ግን ታውቂዋለሽ አይደል? ማሳው ላይ አፈር ቆልሎ ቆልሎ እሱን ራሱን በዓይንሽ አታዪውም። ይሄም እንደዛው ነው፣ ፈረንጆቹ ራሳቸው ወገኑን የፍልፈል ሳላማንደር ነው የሚሉት፣ ዱር ላይ አብዛኛውን ጊዜ አይጥና መሰሎቿ በቆፈሩት ጉድጓድ ነው የሚኖረው፣ ካጣም ታይገሩ በፊት እግሮቹ ራሱ ይቆፍራል። የሚወጣው ማታ ነው፣ በተለይ ዝናብ ሲጥል። ልጅ ሆነን ዳንግላ የመጀመሪያው ዝናብ በጣለ ማግስት ሜዳው ጓጉንቸር በጓጉንቸር ሲሆን አያቴ «ከሰማይ ወርደው ነው» ትለን ነበር፣ እኔም አምኜ ስንት ዓመት ሽቅብ ሳንጋጥጥ ኖሬያለሁ፣ ለካ በጋውን ስንጥቅና ጉድጓድ ውስጥ ተደብቀው የከረሙ ነበሩ።

ለምን አሁን ገባ ካልሽ፣ ብርዱ ሲመጣ ቤት ውስጥ ሂተር ይለኮሳል፣ ሂተር አየሩን ያደርቃል፣ ከላይ ያለው አፈር ቶሎ ይደርቅና እሱ እርጥበቱን ተከትሎ ወደ ታች ይወርዳል። ውጪ ቢሆንም ኖሮ በረዶ ከማይደርስበት ጥልቀት ወርዶ ነበር ብርዱን የሚያሳልፈው።

ስለዚ ልጁ እንስሳውን ሳይሆን አፈሩን ይመርምር። ጭብጥ አድርጎ ሲጨምቀው ቅርፁን ይዞ ከቀረ፣ ውሃም ካላንጠባጠበ ልክ ነው፣ ከተበተነ ደርቋል፣ ጭቃ ከሆነ ደሞ ቆዳውን ያቆስለዋል። ጥልቀቱ 15 ሴንቲሜትር አካባቢ ይሁን፣ ማዳበሪያ የነካው አፈር እንዳይሆን። የቧንቧ ውሃ ዝም ብሎ አያፍስበት፣ ክሎሪኑ አድሮ ይወጣል፣ ክሎራሚን የሚባል ክሎሪን ከአሞኒያ ጋር የተዋሃደበት የውሃ ማከሚያ የሚጨምሩ ከተሞች ግን አሉ፣ እሱ አድሮም አይወጣም፣ ለዓሳ የሚሸጠውን ማጥፊያ ጠብታ ይግዛ። ሙቀቱም ከ15 እስከ 21 ዲግሪ ቢሆን ነው የሚስማማው።

ከዛ ማታ መብራት ካጠፋ በኋላ በባትሪ የሳጥኑን ጎንና ታች ይይ፣ ብዙ ጊዜ ዋሻው መስታወቱን ታክኮ ነው የሚያልፈው፣ ጅራቱን ወይ የጉሮሮውን ትር ትር ማለት ያያል፣ በቃ አለ ማለት ነው። የምድር ትል አንድ ዋሻው አፍ ላይ ያስቀምጥለት፣ ትሉ ሲላወስ አፍንጫው ብቅ ይል ይሆናል። ባይወጣም አይደንግጥ፣ ሥጋ ያለው ትልቅ ሳላማንደር ሁለት ሳምንት ስላልበላ አይሞትም።

እኔን የሚያሳስበኝ መግባቱ ሳይሆን መውጣቱ ነው፣ ጠራራ ቀን ላይ አፈሩ ላይ ተዘርግቶ ከዋለ ወይ መስታወቱን እየቧጠጠ ልውጣ ካለ ከታች አንድ ነገር አለ፣ ወይ ሞቋል፣ ወይ አፈሩ በሽንቱና በእዳሪው ተበክሏል። ሆዱ ካበጠ፣ ቆዳው ከቆሰለ ወይ ከሳጥኑ የጥንብ ሽታ ከመጣ ያኔ መቆፈርም ሐኪም ጋ መውሰድም ይቻላል። እየቆፈሩ ማየት ግን ቤቱን በየቀኑ ማፍረስ ነው፣ የሠራው ዋሻ ይናድበታል፣ ቆዳውም በማንኪያው ጠርዝ ይቆረጣል።

ይዤው ልምጣ የሚለውን አጥብቀሽ እምቢ በይው። እነዚህ እንስሳት ቆዳቸው ላይ የሚጣበቅ ፈንገስ ከአገር አገር ይዘው ይዞራሉ፣ የኛዎቹ እንቁራሪቶች ደሞ ብዙዎቹ ሌላ የትም የማይገኙ ናቸው። ፎቶውን ይዞ ይምጣ፣ ማንኪያዋንም አሁኑኑ ለእናቱ ይመልስላት።