ሲወጣ የሚያቃስት መስታወት፦ ስለ አሮጌ መርሴዲስ ኤሌክትሪክ መስኮት ጥያቄና መልስ

አሮጌ መርሴዲስ የያዘ ሰው ሲያገኘኝ ቀድሞ የሚጠይቀኝ ስለ ሞተሩ አይደለም፤ ስለ መስታወቱ ነው። ጥያቄ ወርውሩ ብዬ ነበር፣ እናንተም አልሰነፋችሁም። የምመልሰው እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1985 የተሸጠውን 123 የሚባለውን የመርሴዲስ ሞዴል ይዤ ነው፣ ደጄ የቆመው እሱ ስለሆነ። ሌላ መኪና የያዛችሁም አብዛኛው ይሠራላችኋል።

ጥያቄ፦ የሾፌር በኩል መስታወት ሲወርድ ደህና ነው። ሲወጣ ግን ነፍሱ ልትወጣ ትደርሳለች። ሞተር ልግዛ?

አትግዛ ወንድሜ። ቢያንስ ዛሬ አትግዛ። እኔ ገዝቼ አይቼዋለሁ። አዲስ አበባ የመኪና መለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ግማሽ ቀን ዞሬ ያገለገለ ሞተር አመጣሁ፣ በሩን ፈታሁ፣ ገጠምኩ። መስታወቱ ያው! ጥፋቱ መስታወቱ የሚንሸራተትበት ቦይ ውስጥ ነበር። ጎማው ደርቆ እንደ ቀንድ ጠንክሯል። ውስጡ ያለው ጨርቅ መሰል ሽፋን ደግሞ የስንት ዓመት አቧራ ጠጥቶ ጭቃ ሆኗል።

ሲወርድ የመስታወቱ ክብደት ራሱ ያግዛል። ሲወጣ ሞተሩ ክብደቱንም የጎማውንም ፍትጊያ ይሸከማል። ስለዚህ የትኛውም ድካም ቀድሞ የሚታየው ሲወጣ ነው። በሩን ሳትፈታ ሁለት ነገር ተመልከት። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ነው የሚንቀራፈፈው? ቦዩን ጠርጥር። ከታች እስከ ላይ እኩል ያዘግማል፣ መኪናውን ስታስነሳ ግን ፈጠን ይላል? ኤሌክትሪኩን ጠርጥር።

ጥያቄ፦ ቦዩ በምን ይጸዳል?

መስታወቱን እስከ ታች አውርዱት። ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ላይ ስስ ጨርቅ ጠቅልሉ፣ ለብ ያለ የሳሙና ውሃ አስነክሩና ቦዩን ከላይ እስከ ታች ሳቡት። የመጀመሪያው ጨርቅ ቡና የተጠለለበት መስሎ ይወጣል። ንጹሕ እስኪወጣ ድገሙት። በደንብ ሲደርቅ ሲሊኮን ስፕሬይ ንፉበትና መስታወቱን አሥር ጊዜ ያህል አመላልሱት።

የሞተር ዘይት፣ ግራሶ ወይም የዛገ ብሎን ማላቀቂያ ስፕሬይ እዚህ ጋ አይገባም። ለሁለት ሳምንት ተአምር ይሠራል፤ ከዚያ ጎማው ያብጣል፣ አቧራውም ይለጠፍበታል። ጎማው ከተሰነጣጠቀ ግን ማጽዳት ልፋት ነው፣ ይቀየር። ወፍራም ጥቁር ላስቲክ መስታወቱ ላይ ያስለጠፋችሁም ጠርዙን እዩት። ተላጦ ቦዩ ውስጥ ተጠቅልሎ ያገኘሁበት ጊዜ አለ።

ጥያቄ፦ የእኔ አራቱም ቀርፋፋ ናቸው። አራት ሞተር ማለት ደግሞ ደሞዜ ነው።

እህቴ፣ አራት ሞተር በአንድ ቀን አያረጅም። አራቱም የሚጋሩትን ፈልጊ። ከባትሪና ከዲናሞ ቀጥሎ ፊውዝ ነው። የዚህ መኪና ፊውዝ ጥይት የሚመስለው ዓይነት ነው፣ ነጩ 8 አምፔር፣ ቀዩ 16። ሳይቃጠል ይበላሻል፣ ጉዱ ይኸው ነው። የአሉሚኒየሙ ጫፍ ነጭ ዱቄት ያወጣና ኤሌክትሪኩን ያንቃል። ቁልፉን አጥፊና እያንዳንዱን በጣትሽ ቦታው ላይ አሽከርክሪው። ከዚያ ለውጥ ካየሽ በሽታው ተገኘ። መያዣውን በብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብለሽ ጥረጊና የመዳብ ፊውዝ አስገቢ። መጠኑ ያው ይሁን። ከፍ ያለ ፊውዝ ማስገባት ሽቦውን ፊውዝ ማድረግ ነው።

ጥያቄ፦ ቴስተር (የቮልት መለኪያ) አለኝ፣ ምን ልለካ?

ሞተሩ ሶኬት ላይ፣ መስታወቱ እየወጣ ሳለ ለካ። ቆሞ ሳለ መለካት ከንቱ ነው፣ ጭነት ከሌለ የደከመ ሽቦም 12 ቮልት ያሳያል። መኪናው ተነሥቶ ባትሪው ላይ 14 ገደማ ታያለህ። ሞተሩ ላይም 12 እና ከዚያ በላይ ካገኘህ ኤሌክትሪኩ ነጻ ነው፤ ፍትጊያውን ወይም ሞተሩን ተመልከት። 9 ወይም 10 ካገኘህ ግን የጎደለው መንገድ ላይ ቀርቷል። ስዊቹን፣ ቦዲው ላይ የታሰረውን ማሳ (የኤሌክትሪኩን መመለሻ ሽቦ)፣ በበሩና በቦዲው መካከል ባለው የጎማ ቱቦ ውስጥ የሚያልፉትን ሽቦዎች በተራ እይ። በሩ በተከፈተ በተዘጋ ቁጥር ይታጠፋሉ። ላስቲካቸው ደህና መስሎ ውስጣቸው የሚበጠስበት ጊዜ ብዙ ነው።

ጥያቄ፦ ስዊቹ መሆኑን በምን ልወቅ?

ከደህናው መስኮት ጋር አቀያይረው። ችግሩ አብሮ ከዞረ ስዊቹ ነው። ስዊቾቹ ማርሹ አጠገብ ስለተቀመጡ የፈሰሰ ማኪያቶ ሁሉ መጠጫው እዚያ ነው። ቀስ ተብሎ ይከፈታል፤ ውስጡ ያሉትን የጠቆሩ መነካኪያዎች በስፒሪቶ ማጽዳት ይበቃል። ሲከፈት ትንንሽ ነገር ይፈናጠራል፣ ነጭ ፎጣ ላይ ክፈተው።

ጥያቄ፦ ሪሌ ቢገባለትስ?

ሪሌ ማለት ስዊቹ ትእዛዝ ብቻ ሲሰጠው ለሞተሩ ኤሌክትሪክ በአጭር መንገድ የሚያቀብል ማብሪያ ነው። ይሠራል። ግን ለብዙ ሰው የሰነፍ መፍትሔ ነው። ቆሻሻ ቦይ ላይ ተጨማሪ ጉልበት ከመጫን መጀመሪያ አጽዱ።

ጥያቄ፦ በሩን ራሴ ልፈታ ነው። ምን ልጠንቀቅ?

ጣትህን። መስታወቱን የሚያነሣው መቀስ መሰል ብረት ብዙ መኪና ላይ ጥቅል ስፕሪንግ አለው። ሞተሩ ነው ይዞት የሚቆመው። ብረቱን ሳታስር ሞተሩን ብትፈታ ተወርውሮ ይመጣል። መስታወቱን ወደ ላይ አውጣና በሰፊ ፕላስተር ከበሩ ፍሬም ጋር እሰረው፣ ብረቱንም በብሎን ወይም በጠንካራ ሽቦ አስረህ ነው ሞተሩን የምትነካው።

እግረ መንገድህን የብረቱን መንሸራተቻ አሮጌ ግራሶ ጥረግ። ሰም ሆኖ ታገኘዋለህ። አዲስ ነጭ ሊቲየም ግራሶ ስስ አድርገህ ቀባ። ከበሩ ልባስ ጀርባ ያለውን ፕላስቲክ ደግሞ ቀድደህ አትጣል፣ ውሃ የሚመልሰው እሱ ነው። ክረምት ሲገባ ልባሱ ሲያብጥ ታስታውሰኛለህ።

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ ነው ያለሁት። በጋ ላይ ደህና ነው፣ ታኅሣሥ ላይ ግን አይንቀሳቀስም።

ያው ግራሶው ነው፣ በብርድ ይጠጥራል። ጎማው ላይ በረዶ ከያዘ ስዊቹን ተጭነህ አትታገል፣ መጀመሪያ መኪናው ይሙቅ።

ጥያቄ፦ ሦስት አራቴ ካወጣሁት በኋላ ቀጥ ይላል። ትንሽ ቆይቶ ይነሣል።

ሞተሩ ግሎ ነው። ብዙዎቹ ሲግሉ ራሳቸውን የሚያጠፉበት መከላከያ አላቸው። ፍትጊያውን ከቀነስክ በኋላም ከደገመው ያኔ ሞተሩን አስፈታ። ዲናሞ የሚጠግኑ ልጆች ለሞተሩ ኤሌክትሪክ የሚያቀብለውን ካርቦን አይተው፣ ውስጡን ጠርገው ይመልሱልሃል። አዲስ ከመግዛት ይረክሳል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ለምን በእጅ ማዞሪያ አልቀይረውም?

ይቻላል፣ በእጅ የሚዞር 123 ሞልቷል። ግን የበሩ ልባስም መቀየር አለበት፣ ማዞሪያው የሚወጣበት ቀዳዳ የለውምና። እኔ አልቀይርም። ደግሞ ምክር ስሰጥ የሁሉም ነገር ባለሙያ እንዳልመስልህ፦ የኔ የኋላ ቀኝ መስታወት ዛሬም ዘጠኝ ሰከንድ ይፈጅበታል። ቅዳሜ እፈታዋለሁ ካልኩ ሁለት ወር አለፈኝ።