«የምር ትሰሙት ነበር?» ላለችኝ ልጅ

ባለፈው ሰሞን ቢሮ ውስጥ አንዲት ወጣት መሐንዲስ የጆሮ ማዳመጫዋን አንዱን ጫፍ ሰጠችኝ። የኃይሉ መርጊያ አኮርዲዮን ነው። «ጋሼ፣ ይኼን ያኔ የምር ትሰሙት ነበር? ወይስ ፈረንጆቹ ናቸው ያወጡት?» አለችኝ። «እንዴታ! ሰምተነዋል እንጂ» ብዬ ሸኘኋት። ጥያቄዋ ግን አንድ ሰው አስታወሰኝ፤ ከዚያ ሰው ደግሞ ሳልቀበለው የቀረ ነገር አለ። ስለዚህ መልሱን ረዘም አድርጌ ልጻፍላት። እናንተም እኩዮቿ አብራችሁ አንብቡት። ሥራ ስለማክበርና ሰዓት ስለመጠበቅ ሌሎች በበቂ ይነግሯችኋል፤ እኔ ስለ አንድ ካሴት ነው የማወራው።

ካሴቱ እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ውስጥ የተቀዳ ነው። ኃይሉ የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር፤ አዲስ አበባ ሒልተን ይጫወቱ የነበሩት፣ እ.ኤ.አ. በ1977 «ቸ በለው» የተባለውን አልበም ያወጡት ዋልያሶች። እ.ኤ.አ. በ1981 ከማሕሙድ አሕመድ ጋር ለኮንሰርት አሜሪካ ሄደው ከፊሎቹ እዚያው ሲቀሩ ኃይሉም ከቀሩት አንዱ ሆነ። ዋሽንግተን ሆኖ የወጣትነት አኮርዲዮኑን እንደገና አነሣ፤ ከሥሩ ድራም ማሽንና ኪቦርድ አስገብቶ የአገር ቤት ዜማዎችን ብቻውን ተጫወታቸው። ሸሞንሟናዬ፣ አምባሰል፣ ወገኔ፣ ሽለላ። ድምፃዊ የሚባል የለበትም።

እኛ ዘንድ የደረሰው በ1979 ዓ.ም. ነው። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ብዙ ሳልቆይ የደሴ–ወልድያን መንገድ ለመጠገን ተመድቤ ነበር፤ ካምፓችን ውጫሌ አቅራቢያ ነው። ጣሊያን የጠረገው መንገድ ነው፤ ክረምት በመጣ ቁጥር አንዱ ጎኑ ይናዳል፣ የውኃ ማሳለፊያው ፉካ በደለል ይደፈናል፣ ግሬደሩ ደግሞ ዘወትር አንድ ዕቃ ጎድሎት ይቆማል። የእኔ ሥራ በላንድሮቨር ከሐይቅ እስከ መርሳ እየተመላለሱ የተበላሸውን መዝግቦ ሠራተኛ ማሰማራት ነው። መኪናው ውስጥ ቴፕ የለም፤ የራሴን ናሽናል መካከላችን ወንበሩ ላይ አስቀምጠነው እንሄዳለን። ባትሪ ሲደክም ዘፈኑ እንደ ሰካራም ይንቀራፈፋል፤ ያኔ ባትሪውን አውጥተን ኮፈኑ ላይ ፀሐይ እናሞቀዋለን፣ ትንሽ ነፍስ ይዘራል። ወደ ኋላ ማጠንጠንማ በቢክ እስክሪፕቶ ነው፤ ለዚያ ባትሪ የሚያባክን እንደ አባካኝ ልጅ ይታያል።

ካሴቱን ከደሴ ያመጣው ሾፌራችን ነው። በዕድሜ አባቴ ሊሆን ምንም አይቀረው፤ እኔ «ጋሼ» እለዋለሁ፣ እሱ «ኢንጂነር» ይለኛል፤ ሲቆጣ ብቻ «አንተ ልጅ»። መጀመሪያ ስሰማው ቅር አለኝ። ዘፋኝ የሌለበትን ዘፈን ምን ብዬ ልስማው? እሱ ግን አኮርዲዮኑ ገና ከመጀመሩ ግጥም ያስገባበት ጀመር። የታወቀውን ግጥም አይደለም፣ የራሱን ነው። ትናንት ያየነው ናዳ፣ ካምፑ ወጥ ቤት ያለችው ሴትዮ በርበሬ ማብዛት፣ ደሞዝ መዘግየቱ፣ የኔ አዲስ ቦት ጫማ፤ ሁሉም ገብቶበታል። አምባሰል ሲመጣ ግን ቀልዱን ትቶ መሪውን በአንድ እጁ ይይዝና በእውነተኛ ድምፅ ያዜማል፤ የአምባሰል ተራራ ደግሞ እዚያው በመስኮቱ በኩል ይታያል። ከዚያ ሁሉ ግጥም በአእምሮዬ የቀረችው አንዲት ብቻ ናት፦

ድንጋዩን ፈልፍዬ መንገድ አወጣሁኝ፣
ካንቺ ደጅ ስደርስ ግን መግቢያውን አጣሁኝ።

«ወገኔ» ላይ ሲደርስ አይዘፍንም። ሲጋራ ይለኩስና መስኮቱን ዝቅ ያደርጋል። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ወደ ኮረም እህል ያመላለሰ ሰው ነበር። እኔም በዚያ ሰዓት አፌን መዝጋት ተምሬአለሁ።

አንድ ቀን ከውርጌሳ ወደ መርሳ ስንወርድ ቴፑ ካሴቱን በላው። የዘጠና ደቂቃ ካሴት ስስ ነው፣ የስድሳው ይሻላል፤ ይኼን የዚያ ዘመን ሰው ሁሉ ያውቃል። መኪናውን ዛፍ ሥር አቁሞ፣ የተጨማደደውን ክር በጥፍሩ እየለቀመ አወጣ፤ የማይረባውን ቆርጦ ጣለና ሁለቱን ጫፍ በስኮች አጣበቀው። ግሬደር ቢበላሽ እንደዚያ በትዕግሥት ሲጠግን አይቼው አላውቅም። ከዚያ ወዲያ የኛ ሽለላ መሐል ላይ ይዘላል፦ አኮርዲዮኑ ሽቅብ ሊወጣ ሲል «ጥቅ» ይልና ከላይ ራሱን ያገኘዋል። እሱም ግጥሙን ለዝላዩ ልክ አድርጎ ሰፋው፤ እዚያች ቦታ ላይ «ሆ!» ብሎ ይሻገራታል።

እንግዲህ የሚቆጨኝ ይኼ ነው። ያ ናሽናል መቅጃ ነበረው፤ ቀይዋ ቁልፍ ዓይኔ ሥር ናት። ባዶ ካሴትም ከደሴ አይጠፋም ነበር። ያገኘነው ባዶ ካሴት ሁሉ ላይ ግን የሌላ ሰው አልበም ነው የቀዳንበት፤ የኤፍሬም ታምሩ፣ የነዋይ ደበበ፣ የአስቴር። እነሱን ዛሬ በአንድ ደቂቃ ታገኟቸዋላችሁ። የሱ ድምፅ በየቀኑ አጠገቤ ስለነበር ይቀዳል የሚል ሐሳብ በጭራሽ አልመጣልኝም። በኋላ እሱ ወደ ሌላ ፕሮጀክት ተዛወረ፣ እኔም አዲስ አበባ ገባሁ፤ ከ1983ቱ ለውጥ በኋላ የት እንደደረሰ የሚነግረኝ አላገኘሁም። ካሴቱንም ይዞት ነው የሄደው፤ የሱ ነበርና ተገቢ ነው።

አሁን ወደ ፈረንጆቹ ልምጣ። አንድ አሜሪካዊ ካሴት ሰብሳቢ ያንኑ አልበም ባሕር ዳር ላይ አግኝቶት እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና አሳተመው። ኃይሉ በዚያን ጊዜ ዋሽንግተን ታክሲ ይነዳ ነበር፤ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ኪቦርዱን ከመኪናው ዕቃ መጫኛ አውጥቶ ይለማመዳል። በዚያ ሰበብ ዓለምን ዞሮ ተጫወተ፣ እ.ኤ.አ. በ2018ም «ላላ በሉ» የተባለውን አልበም አወጣ። ስለዚህ ልጄ፣ ፈረንጆቹ ውለታ ውለዋል፣ አልክድም። ግን ባሕር ዳር ያገኙት እኮ እዚያ የሚሰማው ሰው ስለነበረ ነው።

እኔ አዲሱን ቅጂ የሰማሁት በእኅቴ ልጅ መኪና ውስጥ ነው። ድምፁ ንጹሕ፣ ባስ የሚባለው ነገር መኖሩንም ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ሽለላ ሲመጣ ሳላውቀው አፌን ከፍቼ «ሆ!» ልል ተዘጋጀሁ። ዝላዩ የለም። አኮርዲዮኑ ደረጃውን አንድ በአንድ ወጣው፤ ያ ልጅ ቆርጦ የጣለውን ክር የሰማሁት ያኔ ነው። («ያ ልጅ» ያልኩት ሾፌራችንን ነው፤ አሁን እኔ በዕድሜ በልጬዋለሁ።) እውነቱን ልናገር፣ ሙሉው አልጣመኝም። ደጋግሜ ከሰማሁት በኋላ ነው ሙዚቃው ራሱ ምን ያህል የተዋጣ እንደሆነ የገባኝ። ለካ እስከዚያ ስሰማ የኖርኩት ሾፌሩን ነው፤ ኃይሉን ለመስማት ሩብ ምዕተ ዓመት ፈጅቶብኛል።

እናንተን አንድ ነገር እወቅሳለሁ፦ አልበም አትጨርሱም። ጣታችሁ ቀጣዩን ለመንካት ይቸኩላል፤ ሠሪው ምን ከምን እንደሚያስከትል አስቦ የደረደረውን፣ ማሽን በታትኖ ያቀርብላችኋል፣ ትቀበላላችሁ። አንዱን አልበም መርጣችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ በቅደም ተከተሉ ስሙት እላለሁ። መኪናዬ ውስጥ ያለችው ፍላሽ ግን ሁሉ የተደባለቀባት ናት። ያኔም ቢሆን ጨርሰን የሰማነው ጨዋ ስለሆንን ሳይሆን ሌላ ካሴት ስላልነበረን ነው። ወቀሳውን ግን አላነሣውም።

ቤታችሁ የአባት የእናት ካሴት ካለ ደግሞ ካርቶኑን ገልብጡት። የአልበም ካሴቱን ተዉት፣ እሱ የትም ይገኛል፤ ጽሑፍ የሌለበትን፣ ጀርባው ላይ የላስቲክ ጥርሱ (በላዩ እንዳይቀዳበት የሚሰበረው) ያልተሰበረውን ፈልጉ። ሰው ራሱ የቀዳበት እሱ ነው። ሳታጸዱ ቴፕ ውስጥ እንዳትከቱት፤ መጀመሪያ የቴፑን ሄድ፣ ክሩ እየነካው የሚያልፈውን ብረት፣ በአልኮል ጥረጉ፣ ካሴቱን አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው አጠንጥኑት፣ ስታጫውቱትም የመጀመሪያውን ዙር በቀጥታ ወደ ኮምፒውተር እየቀዳችሁ ይሁን፤ ሁለተኛ ዙር ላይኖረው ይችላል።

የኃይሉን አልበም የሚሰማ ደግሞ ገዝቶ ይስማ። እኛ ውጫሌ የሰማነው ከቅጂ የተቀዳ ቅጂ ነበር፤ ሰውየው ከኛ አምስት ሳንቲም አላገኘም።