ቀላሉ ቀን ቀላል ይሁን፦ ለአይረንማን ለምትዘጋጁ ልጆች

ልጆች እንዴት ናችሁ። ሰሞኑን ሶስት አራታችሁ ተከታትላችሁ አንድ አይነት ነገር ስለጠየቃችሁኝ ለየብቻ ከምመልስ አንዴ ቁጭ ብዬ ልፃፈው አልኩ። ጥያቄው ባጭሩ "ጋሼ፣ ለአይረንማን ተመዝግቤያለሁ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት ልስራ፣ ከሱ ውስጥ ደሞ ስንቱን በሃይል ልስራ?" ነው። መጠየቃችሁ ደስ ይላል፣ እኔ በናንተ እድሜ ይሄ ሚጠየቅ ነገር መሆኑንም አላውቅም ነበር፣ ልምምድ ማለት ጠዋት ተነስቶ እስኪደክም መሮጥ ነበር የሚመስለኝ። ለማታውቁኝ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ከሃያ አመት በላይ ፊዚዮቴራፒስት ሆኜ ሰርቻለሁ፣ ከዛ በፊት በልጅነቴ አዲስ አበባ ክለብ ውስጥ ሮጫለሁ፣ ትራያትሎን (ዋና፣ ሳይክልና ሩጫ ተከታትሎ ሚሰራበት ውድድር) የገባሁት ግን አርባን ካለፍኩ በኋላ ነው። ስለዚ የምነግራችሁ ግማሹ ከራሴ እግር፣ ግማሹ ደሞ አልጋዬ ላይ ተኝተው ካከምኳቸው ሰዎች እግር የተማርኩት ነው።

መጀመሪያ አይረንማን የሚባለውን ውድድር እንየው። 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ኪሎ ሜትር ሳይክል፣ ከዛ ላይ ሙሉ ማራቶን። በአብዛኛው ቦታ 17 ሰዓት ይሰጣችኋል። ጉስታቭ ኢደን የሚባለው የኖርዌይ ልጅ በ2022 የአለም ሻምፒዮናው ላይ፣ ሃዋይ ኮና፣ በ7 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ጨርሶታል፣ እናንተ ግን ስራ ያላችሁ፣ ልጅ የምታሳድጉ ሰዎች ናችሁ፣ 12፣ 13፣ ምናልባትም 15 ሰዓት መንገድ ላይ ናችሁ። አስራ ሶስት ሰዓት ሙሉ እያለከለከ መሄድ የሚችል ሰው የለም። የዛን ቀን ፍጥነታችሁ ራሱ ለሰውነታችሁ ቀላል የሆነ ፍጥነት መሆን አለበት፣ ስለዚ የወራቱ ዋና ስራ ያንን ቀላሉን ፍጥነት ማሳደግ ነው። ዛሬ በደቂቃ በ140 የልብ ምት አንድ ኪሎ ሜትር በ7 ደቂቃ ሚሮጥ ልጅ ከስምንት ወር በኋላ በዛው 140 ምት 6 ከ15 ከሮጠ፣ እኔ እድገት ምለው እሱን ነው። ይሄን ደሞ ሚያመጣው ብዛት ነው፣ ማለቴ በዝግታ የተሰራ ብዙ ሰዓት። ጡንቻ ውስጥ ቀጫጭን የደም ስሮች እንዲበዙ፣ ሚቶኮንድሪያው (የጡንቻው ሃይል ማመንጫ) እንዲበረክት፣ ሰውነት ስብ ማቃጠል እንዲለምድ ጊዜ ያስፈልገዋል፣ ያን ጊዜ በጩኸት ማሳጠር አይቻልም።

እኔ ይሄን የተማርኩት እንጦጦ ላይ ነው። ከባህር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር አካባቢ፣ ባህር ዛፉ ውስጥ፣ ገና ሳይነጋ፣ ብርዱ ጆሮ ሲቆርጥ፣ በአንድ መስመር ተከታትለን በዛፎቹ መሃል እየተጠማዘዝን እንሄዳለን። ፊት የሚመራው በዛን ሰሞን ውጪ ሄዶ ሚወዳደር ትልቅ ሯጭ ነበር፣ እኔ አስራ ስምንት አመቴ። አካሄዱ ሶምሶማ እንኳን አይባልም፣ ጫማው ደረቁን ቅጠል ሲረግጠው ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማኛል፣ ትንፋሹ ግን አይሰማም። ደሜ ፈላ፣ ልቀድመው ወጣሁ። ዞር ሳይል እጁን ወደ ጎን ዘረጋና ደረቴ ላይ አሳረፈው፣ "ወዴት ነው? ነገ አስፋልት አለ" አለኝ። ሌላ ምንም አላለም። በማግስቱ ሰንዳፋ መንገድ አስፋልቱ ላይ ሲለቀው ያ ትናንት ልቀድመው የነበረው ሰውዬ ከአይኔ ጠፋ። ጫካ ቀን፣ ኮረኮንች ቀን፣ አስፋልት ቀን እየተባለ ሚሰራው ለዚ ነው፣ እያንዳንዱ ቀን የራሱ ስራ አለው፣ ጫካው ውስጥ ፉክክር ያመጣ ሰው አስፋልቱ ላይ ይከፍላታል።

አሁን ወደናንተ ልምጣ። አብዛኞቻችሁ ስትራቫ (ልምምድ ሚመዘገብበት አፕ) ላይ የምትልኩልኝን አያለሁ። ቀላል ተብሎ የተፃፈው ሩጫ 160 ምት፣ ከባድ ተብሎ የተፃፈው ደሞ 165። ሁለቱም አንድ ናቸው፣ ለብ ያለ ውሃ ማለት ነው፣ አይሞቅ አይቀዘቅዝ። እዚ መሃል ላይ መሰንበት በጣም ያታልላል ምክንያቱም ያልብሃል፣ ድካም ይሰማሃል፣ ቤት ስትገባ የሰራህ ይመስልሃል፣ ግን በጡንቻህ የተጠራቀመውን ስኳር፣ ግላይኮጅን ሚባለውን፣ ትጨርሳለህ፣ እግርህ ከብዶ ያድራል፣ ረቡዕ ኢንተርቫል (ጠንከር፣ ዘና እየተባለ ሚሰራው ከባድ ልምምድ) ላይ መስጠት የነበረብህን ማክሰኞ በትነኸዋል። ባለፈው ጥቅምት እዚ ዴንቨር ቼሪ ክሪክ መንገዱ ላይ አንዱ ልጅ አብሮኝ ሮጠ፣ ማታ ማታ ኡበር ሚሰራ ጎበዝ ልጅ ነው፣ "ጋሼ ዛሬ ቀላል ነው" ብሎኛል። እሺ ብዬ ያደግክበትን ሰፈር ንገረኝ አልኩት። "ኮተቤ..." አለ፣ ተነፈሰ፣ "ከዛ ወደ..." አለ፣ ተነፈሰ፣ አረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ድልድዩን አለፍን። እጁን ይዤ ሰዓቱን አየሁት፣ 168። ዳገቷ ላይ በእግራችን እንሂድ አልኩት፣ ውሻ የያዙ ባልቴት ቀደሙን፣ አንገቱን ደፋ። አፍሮ ነበር፣ ይገባኛል፣ እኛ አገር ሯጭ ተብሎ ሰው ሲቀድምህ ያማል። ግን ያን ቀን 45 ደቂቃ ሙሉ ስለ ኮተቤ አወራኝ፣ እና ያ ነው ቀላል ሩጫ ማለት፣ ሙሉ አረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ ማውራት ካልቻላችሁ ቀላል አይደለም፣ ሰዓታችሁ ምንም ይበል።

ይሄ የኔ የሽማግሌ አባባል ብቻ እንዳይመስላችሁ። ኖርዌይ ውስጥ ሚሰራ ስቴፈን ሳይለር የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ አለ፣ ቀዛፊዎችን፣ በበረዶ ላይ ተንሸራታቾችን፣ ሯጮችን፣ ሳይክል ነጂዎችን ሲያይ ትልልቆቹ አትሌቶች ከልምምዳቸው 80 በመቶውን አካባቢ በቀላሉ፣ 20ውን ከበድ አርገው እንደሚሰሩ ነው ያገኘው። ልብ በሉ፣ እሱ የቆጠረው የልምምድ ቀኖችን ነው፣ ከአምስት አንዱ ከባድ ማለት ነው፣ በደቂቃ ከቆጠራችሁት ከባዱ ከዛም ያንሳል። ክርስቲያን ብሉመንፌልትን ታውቁት ይሆናል፣ በ2021 ቶኪዮ ላይ የኦሎምፒክ ወርቅ ወስዶ በ2022 ግንቦት ላይ ዩታ ውስጥ የአይረንማን የአለም ሻምፒዮን የሆነው። እሱና የኖርዌይ ጓደኞቹ በልምምድ መሃል ቆመው ትንሽ ደም ወስደው ላክቴት (ልምምዱ ሲከብድ ደም ውስጥ ሚጨምር ነገር) ይለካሉ። ሰው ይሄን ሲያይ ኖርዌዮቹ ሃይለኛ ልምምድ ስለሚሰሩ ነው ይላል፣ እኔ ግን ሚገርመኝ መለኪያው ብዙ ጊዜ ሚያገለግላቸው ራሳቸውን ለመያዝ መሆኑ ነው፣ ከተባለው በላይ ከወጣ ፍጥነቱን ቀንስ ይባላል፣ የኦሎምፒክ ሻምፒዮን ሆኖም ይቀንሳል።

ከሱ በፊት ደሞ ማርክ አለን የሚባል አሜሪካዊ የአይረንማን ተወዳዳሪ ነበረ። ኮና ላይ ስድስት ጊዜ ሞክሮ አልሆነለትም፣ በ1989 ግን የዘመኑን ሃያል ተፎካካሪውን ዴቭ ስኮትን በ58 ሰከንድ ብቻ ቀድሞ አሸነፈ፣ ከዛ በድምሩ ስድስት ጊዜ ወሰደው። ይሄ ሰውዬ ለረጅም ወራት የልብ ምቱን ከ155 እንዳያልፍ አርጎ ሰርቷል፣ መጀመሪያ ላይ እዛ ውስጥ ለመቆየት ሲል በጣም መዘግየት ነበረበት፣ ጓደኞቹ ጥለውት ይሄዱ ነበር። ቆይቶ ግን በዛው 155 ምት ብዙ ሰው በሩጫ ማይደርስበት ፍጥነት ላይ ደረሰ። ትዕግስት ስል እንደዚ አይነቱን ነው።

እሺ ብዛቱስ? እዚ ጋር ተጠንቀቁ፣ ምክንያቱም "ብዛት ጥሩ ነው" ስላችሁ ሩጫውን ብቻ ከምትጨምሩት ሰዎች ብዙዎቹን አልጋዬ ላይ አግኝቻቸዋለሁ፣ አንዱ ደሞ ራሴ ነበርኩ። 44 አመቴ ላይ ለመጀመሪያው አይረንማን ስዘጋጅ ትንፋሼ በሁለት ወር ውስጥ ተመለሰ፣ ልቤ የድሮው ልብ መሰለኝና በሳምንት ስድስት ቀን መሮጥ ጀመርኩ። ልብና ትንፋሽ በሳምንታት ይለወጣሉ፣ ጅማትና አጥንት ግን ወራት ነው ሚፈጅባቸው፣ ይሄን ለሰው በየቀኑ እየነገርኩ ለራሴ አልሰማሁም። ቅልጥሜ ላይ በአንድ ጣት የምትነካ ትንሽ ቦታ ማመም ጀመረች፣ መጀመሪያ ከሮጥኩ በኋላ፣ ቀጥሎ ስሮጥ፣ ቀጥሎ ሌሊት ተኝቼ። ስትረስ ፍራክቸር ነበር፣ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ፣ ስምንት ሳምንት ሩጫ የለም። ስለዚ ልጆች፣ ጡንቻ ላይ ሰፋ ብሎ ሚያም ህመም ብዙ ጊዜ ያልፋል፣ በአንድ ጣት ጫፍ ማሳየት የምትችሉት አጥንት ላይ ያለ ህመም ግን ዛሬውኑ ያስቆማችሁ፣ ሃኪም ጋር ሂዱ፣ እስቲ ትንሽ ልየው አይባልም።

ብዛቱን ሚሸከመው ሳይክሉ ነው። ሳይክል ላይ እግር መሬት አይመታም፣ አራት ሰዓት ነድታችሁ በማግስቱ ስራ መሄድ ትችላላችሁ፣ አራት ሰዓት ሮጣችሁ ግን ሳምንቱ ሙሉ ተበላሸ። እኔ ረጅሙን ሩጫ ከ2 ሰዓት ተኩል አላሳልፍም፣ ማራቶኑን ሙሉ ልምምድ ላይ መሮጥ አያስፈልግም፣ የሳይክሉ ጉልበት እዛ ይተርፋችኋል። ዋና ደሞ ለብዙዎቻችን የትንፋሽ ጉዳይ አይደለም። ሶደሬ ወይ አምቦ ለሽርሽር ሄደን ውሃ ውስጥ ከመንቦራጨቅ ያለፈ የዋና ትምህርት ሳናገኝ ነው ያደግነው፣ ስለዚ ሃይል በጨመራችሁ ቁጥር ውሃውን እየመታችሁ ነው ምትሰምጡት። በሳምንት ሶስት ጊዜ፣ አርባ ደቂቃ አርባ ደቂቃ፣ አሰልጣኝ እያያችሁ፣ አካል አቀማመጡ ላይ ስሩ። በቃ።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ሙሉ ቀን ሚሰራ ሰው በሳምንት ከ8 እስከ 12 ሰዓት ካገኘ በደንብ ይጨርሳል። ከዛ ውስጥ ከባድ ቀን ሁለት ብቻ፣ አንዱ ሳይክል ላይ፣ አንዱ ሩጫ ላይ፣ ለምሳሌ ማክሰኞ ሳይክል ላይ አራት ጊዜ 8 ደቂቃ ጠንከር ተደርጎ መሃሉ ላይ ዘና እየተባለ፣ አርብ ደሞ ሩጫ ላይ ስድስት ጊዜ 3 ደቂቃ። ቅዳሜ ረጅም ሳይክል፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ረጅም ሩጫ፣ ሰኞ እረፍት፣ ሌላው ሁሉ ሶምሶማና ዋና። ሶስት ሳምንት ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፣ አራተኛው ላይ ሲሶውን ቀንሱ። ግን አንድ ነገር፣ የሌሊት ሽፍትም ልምምድ ነው። ሰውነት ድካሙ ከመጋዘን ይምጣ ከኢንተርቫል አይለይም፣ አንድ ቦታ ነው ሚመዘግበው። አምስት ሰዓት ብቻ ተኝታችሁ ከሆነ የዛን ቀን ከባዱን ልምምድ ሰርዙት፣ 40 ደቂቃ በቀላሉ ሰርታችሁ ግቡ። ጠዋት ከአልጋ ሳትነሱ የልብ ምታችሁን ለኩ፣ ከለመዳችሁት ሰባት ስምንት ምት ከፍ ብሎ ሁለት ቀን ከቆየ ሰውነታችሁ እየነገራችሁ ነው። አንዲት ነርስ ነበረች፣ በሳምንት ሶስት ሌሊት አስራ ሁለት አስራ ሁለት ሰዓት ትሰራለች፣ ከ13 ሰዓት ልምምድ ወደ 9 አወረድኩላት፣ ተቆጣችኝ፣ ከሶስት ወር በኋላ ሳይክሏ ላይ በህይወቷ አይታው ማታውቀውን የጉልበት ቁጥር አየች።

ፆምን የጠየቃችሁኝም አላችሁ። የፆም ምግቡ ችግር የለውም፣ እንደውም እንጀራው ሽሮው ምስሩ ቆሎው ካርቦሃይድሬት በካርቦሃይድሬት ነው። ችግሩ ሁዳዴን 55 ቀን እስከ 9 ሰዓት ባዶ ሆድ ቆይቶ እላዩ ላይ ከባድ ልምምድ መጫን ነው። በነዛ ሳምንታት ብዛቱን ባለበት ያዙት፣ ጠዋት ሚሰራው ቀላል ይሁን፣ ከባዱን በልታችሁ ሁለት ሶስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ማታ አርጉት፣ የከባዱን ቀን ቁጥርም በሳምንት ወደ አንድ አውርዱት። ለረመዳን ለምትፆሙም ነገሩ ያው ነው፣ ከባዱ ካፈጠራችሁ በኋላ ይሁን። ረጅሙ ሳይክል ላይ ግን በሰዓት ከ60 እስከ 90 ግራም ካርቦሃይድሬት መውሰድ መለማመድ ግድ ነው፣ ሆድም እንደ እግር ይሰለጥናል፣ ስለዚ እሱን እንዴት እንደምታረጉት ከነፍስ አባታችሁ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ ወይ ደሞ ከፋሲካ ሁለት ሶስት ወር በኋላ ያለ ውድድር ምረጡ፣ እኔ ሁሌ እንደዛ ነው ማረገው።

የመጨረሻዎቹ ሁለት ሶስት ሳምንታት ላይ ሁላችሁም ትፈራላችሁ፣ ያልሰራችሁት ሁሉ ትዝ ይላችኋል፣ አንዳንዱ የቀረበትን 180 ኪሎ ሜትር ውድድሩ ሊደርስ አስር ቀን ሲቀረው ሊነዳ ይወጣል። እባካችሁ እንዳታረጉት። ብዛቱን ወደ ግማሽ አውርዱት፣ ከባዱን ግን ሙሉ በሙሉ አታጥፉት፣ አጭር አጭር አርጋችሁ አቆዩት፣ አለበለዚያ እግር ይተኛል። በውድድሩ ሳምንት ማክሰኞ 30 ደቂቃ ሩጫ፣ ውስጡ አራት ጊዜ አንድ ደቂቃ ፈጠን ማለት፣ ሃሙስ አንድ ሰዓት ሳይክል ሁለት ጊዜ 5 ደቂቃ በውድድሩ ፍጥነት። እግራችሁ መዝለል መዝለል ሲለው ቁጭ በሉ፣ ያን ለእሁድ ነው ያጠራቀማችሁት።

ኦሮራና ዴንቨር አካባቢ ያላችሁ ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ቼሪ ክሪክ ግድቡ ጋር ኑ፣ ውሃና ሚበላ ያዙ፣ የጎማ መለወጫም እንዳትረሱ። ምንነዳው ለሶስት ሰዓት ነው፣ የኮተቤውም ልጅ ይመጣል፣ እያወራን ነው ምንሄደው።