በፊኮል ነጭ የደም ሴል ስንለይ ቀለበቱ ለምን ይደበዝዛል?

እህቴ፣ ጥያቄሽ ብዙ ሰው ላይ የሚደርስ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልመልስልሽ። በኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኬሚካል) ቲዩብ የተቀዳ 10 ሚሊ ሊትር ደም ፍሪጅ ውስጥ አሳድረሽ፣ በማግስቱ ፊኮል (ሴሎችን ለመለየት የሚያገለግል ከባድ ፈሳሽ) ላይ ደርበሽ በ2,000 አርፒኤም (ዙር በደቂቃ) አሽከረከርሽው። ነጭ ሴሎቹ የሚሰበሰቡበት ነጩ ቀለበት ደበዘዘ፣ የሰበሰብሽው ቀላ፣ ስትቆጥሪም 3 ሚሊዮን ሴል ብቻ አገኘሽ። ፊኮሉ ተበላሽቶ ይሆን ብለሻል። አይመስለኝም። ከጤነኛ አዋቂ ሰው 1 ሚሊ ሊትር ደም አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን ፒቢኤምሲ፣ ማለትም ሊምፎሳይትና ሞኖሳይት፣ ይጠበቃል። ስለዚህ የቀሩት ሴሎች የት እንደገቡ መፈለግ ነው ያለብሽ።

ከሙቀቱ ጀምሪ። የፊኮል ዴንሲቲ፣ ማለትም በይዘቱ ልክ ያለው ክብደት፣ በሚሊ ሊትር 1.077 ግራም የሚሆነው በ20 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቀዝቃዛ ከሆነ ዴንሲቲው ከፍ ስለሚል ቀይ ሴሎችና ግራኑሎሳይቶች (እንደ ኒውትሮፊል ያሉ ነጭ ሴሎች) አልፈውት መውረድ ያቅታቸውና ቀለበቱ ላይ ይቀራሉ። ከልክ በላይ ከሞቀ ደግሞ ሊምፎሳይቶቹ ራሳቸው ሰርገው ይወርዳሉ። ደሙም፣ ፒቢኤሱም (ማቅጠኛና ማጠቢያ የጨው ውሃው)፣ ፊኮሉም ከ18 እስከ 20 ዲግሪ መድረስ አለባቸው። ብዙ ሰው የሚረሳው ሴንትሪፊውጁን (ማሽከርከሪያ ማሽኑን) ነው፤ ከአንቺ በፊት በ4 ዲግሪ ሲሠራ ከነበረ ቀድመሽ አስተካክለሽ እስኪደርስ ጠብቂ።

ደሙ ፍሪጅ ማደሩ ራሱን የቻለ ችግር ነው። ኒውትሮፊሎች ሲቆዩና ሲቀዘቅዙ ይነቃቃሉ፣ ዴንሲቲያቸው ይቀንሳል፣ ታች መውረድ ሲገባቸው ከቀለበቱ ጋር ይቀላቀላሉ። ደሙን በተቀዳ በ8 ሰዓት ውስጥ ብትሠሪው ይመረጣል። ማደሩ የግድ ከሆነ ከፍሪጅ ውጭ በክፍል ሙቀት አሳድሪው፤ ከ24 ሰዓት ግን አታሳልፊው።

ፍጥነቱን በተመለከተ፣ አርፒኤም ብቻውን ምንም አይነግረንም። የሮተርሽን (ቲዩቦቹን ይዞ የሚሽከረከረው ክፍል) ራዲየስ በሴንቲ ሜትር ለኪና ከአርፒኤም ስኩዌር ጋር አባዢው፤ ውጤቱን እንደገና በ0.00001118 ስታባዢ ጂ ፎርሱን (በመሬት ስበት እጥፍ የሚለካውን ጉልበት) ይሰጥሻል። ያንቺው 2,000 አርፒኤም ራዲየሱ 10 ሴንቲ ሜትር በሆነ ማሽን 447 ጂ ነው፣ 16 ሴንቲ ሜትር በሆነ ማሽን ግን 715 ጂ ይደርሳል። የምንፈልገው 400 ጂ ለ30 ደቂቃ ነው። ሮተሩ ቲዩቡን አግድም የሚያወዛውዘው ዓይነት ይሁን፤ ቲዩብ አዘንብሎ የሚይዘው ዓይነት ቀለበቱን ግድግዳው ላይ ይቀባዋል።

ብሬኩን አጥፊ። ስለ ብሬክ ምንም ስላልጻፍሽ ክፍት ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ፣ የቀለበቱ መደብዘዝም ከዚህ ጋር ይሄዳል። ማሽኑ በድንገት ሲቆም ፈሳሹ ይሽከረከርና የተለየው ሁሉ መልሶ ይደባለቃል። ያለ ብሬክ እስኪቆም ብዙ ደቂቃ ይወስዳል፤ ታገሺው፣ ክዳኑንም ቀድመሽ አትክፈቺ።

ለ10 ሚሊ ሊትር ደም እኔ የምመርጠው ባለ 15 ሚሊ ሊትር ቲዩብ ነው፣ ጠባብ ስለሆነ ቀለበቱ ወፈር ብሎ ይታያል። ደሙን በእኩል መጠን ፒቢኤስ አቅጥኚ። ፒቢኤሱ ካልሲየምና ማግኒዥየም የሌለው፣ 2 ሚሊ ሞላር ኢዲቲኤና 2 በመቶ ሴረም የተጨመረበት ይሁን፤ ያለዚያ ሴሎቹ ይጓጉላሉ። ሦስት ቲዩብ ውስጥ 4 ሚሊ ሊትር ፊኮል አድርጊና በእያንዳንዱ ላይ 7 ሚሊ ሊትር ገደማ የቀጠነ ደም ደርቢ። ቲዩቡን 45 ዲግሪ አዘንብዪ፣ የፒፔቱን ጫፍ ግድግዳው ላይ አስደግፊ፣ ደሙ በግድግዳው እየተንሸራተተ ይውረድ። በደሙና በፊኮሉ መካከል ያለው መስመር ጥርት ብሎ መታየት አለበት። ደሙ ክር ክር እየሠራ ወደ ፊኮሉ ከገባ ፈጥነሻል ማለት ነው።

ሲወጣ ከላይ ቢጫ ፕላዝማ፣ ቀጥሎ ነጩ ቀለበት፣ ከሥሩ ጥርት ያለ ፊኮል፣ ታች ቀይ ሴል ታያለሽ። ቀለበቱ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ፕላዝማ አስቀርተሽ የቀረውን ምጠጪ። ከዚያ ፒፔቱን በቲዩቡ ዙሪያ እያዞርሽ ቀለበቱን ሰብስቢ። እዚህ ጋ ስስት ጎጂ ነው፤ ፊኮል አብዝተሽ ከወሰድሽ ፈሳሹ ከባድ ስለሚሆን ሴሎቹ በመጀመሪያው አጠባ አይዘቅጡም፣ አንቺም ከሱፐርናታንቱ (ከላይ ከሚቀረው ፈሳሽ) ጋር ትደፊያቸዋለሽ። ሴል የሚጠፋው በብዛት እዚህ ነው ብል አላጋነንኩም። ለዚህ ነው ቢያንስ 3 እጥፍ ፒቢኤስ ጨምረሽ፣ ቲዩቡን ገልብጠሽ በደንብ ካቀላቀልሽ በኋላ በ300 ጂ ለ10 ደቂቃ የምታሽከረክሪው። አሁን ብሬክ መጠቀም ትችያለሽ። ሱፐርናታንቱን ቆጠራው እስኪያልቅ አትጣዪው፤ ቁጥሩ ካነሰ አንድ ጠብታ ማይክሮስኮፕ ላይ ስታዪ ሴሎቹ እዚያ ቀርተው እንደሆነ ወዲያው ታውቂያለሽ።

ፔሌቱ (ታች የዘቀጠው ሴል) ቀይ ከሆነ 2 ሚሊ ሊትር አሞኒየም ክሎራይድ ያለበት የቀይ ሴል ማፍረሻ ጨምረሽ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ አቆዪና ቲዩቡን በፒቢኤስ ሙዪው። ብዙ ከቆየ ነጮቹም ይጎዳሉ። ሁለተኛውን አጠባ በ200 ጂ ለ10 ደቂቃ አድርጊው፣ ፕላትሌቶቹ ከላይ ይቀራሉ።

ስትቆጥሪ የሞቱ ሴሎችን ብቻ የሚያቀልመውን 0.4 በመቶ ትራይፓን ብሉ ከሴሉ ጋር እኩል ቀላቅዪ። ከ90 በመቶ በላይ ሕያው ካልሆነ ለካልቸር (ሴሎቹን ለማሳደግ) አትጠቀሚበት። ቀይ ሴል የተረፈበትን ናሙና በትራይፓን ብሉ ብቻ መቁጠር ያሳስታል፤ ቱርክ ሶሉሽን ቀዮቹን አፍርሶ የነጮቹን ኒውክለስ ስለሚያቀልም ለጠቅላላ ቁጥሩ እሱ ይሻላል።

ስለ ጥንቃቄ ባትጠይቂም ልበል፤ ምርመራው ነጻ ነው የተባለ ደም እንኳ ሄፓታይተስ ቢ፣ ሲ ወይም ኤችአይቪ እንዳለበት ተደርጎ ነው የሚያዘው። ደሙን ባዮሴፍቲ ካቢኔት ውስጥ ሥሪ፣ የሴንትሪፊውጁ ባልዲዎች ክዳን ይኑራቸው።

ኒውትሮፊልም ከዚያው ቀለበት አገኛለሁ ወይ ላልሽው፣ አታገኚም፤ እነሱ ከቀይ ሴሎቹ ጋር ታች ነው ያሉት። ሁሉንም ነጭ ሴል በአንድ ላይ ከፈለግሽ ፊኮሉን ተዪውና 1 እጅ ደም በ10 እጅ ማፍረሻ ውስጥ በክፍል ሙቀት ለ10 ደቂቃ አቆይተሽ በ300 ጂ አዝቅጪ።