የሆርሞን መርፌ ላይ ላሉ አባት፦ መራመድ ጥሩ ነው፣ ክብደት ማንሳት ግን አይቅር

አብሽሪ ልጄ። አባትሽ 66 ዓመታቸው ነው፣ ሐይቅ አካባቢ ይኖራሉ፣ ለፕሮስቴት ካንሰር የጨረር ሕክምናቸውን ጨርሰው አሁን በየ3 ወሩ የሆርሞን መርፌ ይወጋሉ። ሆዳቸው እየገፋ እግራቸው እየቀጠነ መጣ። ዘመድ ጎረቤቱ «አታድክሟቸው፣ ይረፉ» ይላል፣ እሳቸው ደግሞ ማሳቸው ናፍቋቸዋል። «ይረፉ ወይስ ይንቀሳቀሱ? ምን ዓይነት እንቅስቃሴ?» ነው ያልሽው። እኔም ደሴ ሆኜ ይህንኑ በሽታ የታከምኩ፣ መርፌውም ላይ የቆየሁ ሰው ነኝ። ሐኪም አይደለሁም፤ በራሴ ያየሁትንና ሐኪሞቼን ጠይቄ የተረዳሁትን ልንገርሽ።

ይንቀሳቀሱ። ነገር ግን እኛ ዘንድ እንቅስቃሴ ሲባል ሰው ቶሎ የሚያስበው በእግር መሄድን ነው። የወሎ ሰው ደግሞ ድሮም ይሄዳል፤ ገበያው፣ ለቅሶው፣ መስጊዱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት ነው። አባትሽ መሄዱን ይቀጥሉ፤ መርፌው የሚወስድባቸውን ነገር ግን መሄድ ብቻውን አይመልስላቸውም። ክብደት ያለው ነገር ማንሳት፣ መግፋትና መሳብ ያስፈልጋቸዋል።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የፕሮስቴት ካንሰር የሚያድገው ቴስቶስትሮን በሚባለው የወንድ ሆርሞን ነው፤ መርፌውም ያንን ሆርሞን ዝቅ ያደርገዋል። በሽታው በሆርሞን እንደሚነዳ ያሳየው ቻርልስ ሃጊንስ የሚባል ሐኪም ነው፤ ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1941 አሳትሞ በ1966 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። ሕክምናው ዕድሜ ያራዝማል፣ አባትሽ በምንም ምክንያት ቀጠሮ እንዳያሳልፉ። ይሁን እንጂ ጡንቻን የሚያጠነክረውና አጥንትን የሚጠብቀውም ይኸው ሆርሞን ነው። ሲወርድ ጡንቻ ይሟሽሻል፣ ሆድ ላይ ስብ ይከማቻል፣ አጥንት ይሳሳል፣ የስኳርና የልብ በሽታ ስጋትም ይጨምራል። ስለዚህ ያየሽው የሆድና የእግር ለውጥ ከስንፍና የመጣ አይደለም፤ ይህን ለእሳቸውም ንገሪያቸው፣ ብዙ ወንድ ለብቻው በዚህ ነገር ይብሰለሰላል።

ድካሙም ሌላ ዓይነት ነው። ተኝተው ቢነሱም አይለቅም። የእኛ ሰው ታማሚን ይወዳል፣ ፍቅሩንም የሚገልጸው አልጋ አንጥፎ፣ ፍራሽ ደልድሎ፣ «አይነሱ» ብሎ ነው። ጠያቂው ይመጣል፣ ቡናው ከአቦል እስከ በረካ ይጠጣል፣ ታማሚው ከጠዋት እስከ ማታ እንደተቀመጠ ይውላል። ይህ ፍቅር በዚህ በሽታ ላይ ጉልበት ይበላል። ጡንቻ ሥራ ሲያጣ ይበልጥ ይሟሽሻል፣ ያኔ ትንሹም ነገር ያደክማል፣ ሲደክም ደግሞ «አላልኩም? ይተኛ» ይባላል። ጠያቂ ሲመጣ አባትሽ ደጅ ወጥተው እየተንቀሳቀሱ ያጫውቱት። ዘመድ ቢያኮርፍ አንቺ አስረጂ።

ካናዳ ውስጥ ሆርሞን የሚቀንስ ሕክምና ላይ ያሉ 155 ወንዶች የተካተቱበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2003 ወጥቷል። አንደኛው ቡድን ለ12 ሳምንት፣ በሳምንት 3 ጊዜ ክብደት እያነሳ ሠራ። ከማይሠራው ቡድን ይልቅ ድካሙ ቀለለለት፣ ጉልበቱም ጨመረ። እኔን ከሁሉ በላይ ያሳረፈኝ ግን፣ ጡንቻ ማሠራቱ ቴስቶስትሮናቸውንም ሆነ የፒኤስኤ ውጤታቸውን (በሽታው የሚከታተልበትን የደም ምርመራ) አለመጨመሩ ነው። «ጡንቻ ካሠራህ በሽታውን ትቀሰቅሰዋለህ» የሚል ወሬ አንቺም ጆሮ ይደርሳልና ይህን ያዢ።

ከመጀመራቸው በፊት አንድ ነገር የግድ ነው፦ በሽታው ወደ አጥንት ተሰራጭቷል ወይስ አልተሰራጨም? ሐኪማቸውን በግልጽ ጠይቂ። የፕሮስቴት ካንሰር ሲሰራጭ አዘውትሮ የሚሄደው ወደ አጥንት ነው፣ በተለይ ወደ አከርካሪ፣ ዳሌና ጎድን። ተሰራጭቶ ከሆነ እንቅስቃሴ ይከለከላሉ ማለት አይደለም፤ የተነካው አጥንት ላይ ጫና የማይጥለውን ዓይነት ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት (የእንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያ) ይምረጥላቸው። ያኔ ኩንታል መሸከም፣ እንጨት መፍለጥ፣ ጎንበስ ብሎ ወገብን እየጠመዘዙ ማንሳት፣ መዝለል፣ ሞፈርና ቀንበር መታገል ይቅርባቸው። አዲስ የጀርባ ሕመም ከመጣ፣ በተለይ ሌሊት የሚብስ ከሆነ፣ እግራቸው ከዛለ ወይም ከደነዘዘ፣ ሽንትና ሰገራ አልታዘዝ ካለ፣ እስከ ነገ አትጠብቂ። አከርካሪ ውስጥ ያለው ነርቭ እየተጨመቀ ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ሆስፒታል ውሰጃቸው። ከዘገየ እግራቸው ሽባ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

አጥንታቸው ደህና ከሆነ እንዲህ ይጀምሩ። በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን ለ30 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ፤ መጀመሪያ 10 ደቂቃም ይበቃል። ልኩ፣ እየሄዱ ማውራት ይችላሉ፣ ማንጎራጎር ግን ያቅታቸዋል። ሐይቁ ዳር ያለው ለጥ ያለው መሬት ለመጀመሪያው ጊዜ ጥሩ ነው፣ ዳገቱ በኋላ ይመጣል። እኔ ደሴ ላይ ባጃጁን ትቼ ወደ ጦሳ አቅጣጫ ሽቅብ እወጣለሁ፤ ከተማችን ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናትና ትንሽ መንገድም ልብን ያሠራል። ደረት የሚያፍን ሕመም ወይም ማዞር ከመጣ ያቁሙ፣ ለሐኪም ይንገሩ።

ከዚያ ዋናው ነገር። በሳምንት 2 ቀን፣ በመካከሉ እያረፉ፣ የጉልበት ሥራ ይሥሩ። ጂም አያስፈልግም። መደብ ወይም ጠንካራ ወንበር ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ሳይደገፉ መነሳትና መቀመጥ፤ ለጭንና ለዳሌ ከዚህ የሚበልጥ አላየሁም። ግድግዳ ላይ እጅ ዘርግቶ ደረትን ማስጠጋትና መግፋት። በሁለት እጅ ትንንሽ ጀሪካን ይዞ ክንድን ማጠፍና መዘርጋት፤ መጀመሪያ ግማሽ ድረስ ውሃ ይሞላል፣ ሲቀላቸው ይጨመራል። የብስክሌት ካላማዳሪያ ምሰሶ ላይ አስሮ በሁለት እጅ ወደ ደረት መሳብ። እያንዳንዱን ከ8 እስከ 15 ጊዜ፣ ትንሽ አርፈው ደግሞ አንድ ዙር። የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስቱ ሊከብዷቸው ይገባል፤ ካልከበዱ ክብደቱ አንሷል ማለት ነው። ሲያነሱ ትንፋሽ አይያዝ፣ የደም ግፊት ላለበት ይህ በጣም ይጎዳል። በአንድ እግር ቆሞ ሚዛን መጠበቅንም ይጨምሩ፣ ግድግዳ አጠገብ ሆነው። አጥንት የሳሳ ሰው ወድቆ እንዳይሰበር ዋናው ጥበቃ ይህ ነው።

የሽንት ነገር ካስቸገራቸው፣ ሽንትን መሃል ላይ ለማቋረጥ የሚጨመቀውን ጡንቻ፣ ፊኛቸው ባዶ ሆኖ፣ ጨምቆ ጥቂት ሰከንድ መያዝና መልቀቅ ነው፤ 10 ጊዜ፣ በቀን 3 ዙር። ሽንት እየሸኑ አይለማመዱት። ቀዶ ጥገና የተደረገለት ሰው ግን የሽንት ቱቦው ከመውጣቱ በፊት አይጀምረው፣ ከባድ ነገር ማንሳቱንም ሐኪሙ እስኪፈቅድለት ይጠብቅ።

ምግቡም ከዚህ ጋር ይሂድ፤ ጡንቻ ያለ ፕሮቲን አይሠራም። የሐይቅ ዓሣ እደጃችሁ ነው፣ እንቁላልና እርጎም አለ፤ በጾም ምስሩ፣ ሽምብራው፣ ባቄላው በየማዕዱ ይኑር። ጫት የሚቅሙ ከሆነ የምግብ ፍላጎታቸውን ይዘጋዋል፣ እንቅልፋቸውንም ያርቀዋል፤ እኔ ቢተውት እላለሁ። ስለ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ሐኪማቸው ይወስን፣ ከፋርማሲ በራሳችሁ አትግዙ።

ሌላም አለ፣ ለሴት ልጅ ማውራት ቢከብድም። መርፌው የወንድነት ፍላጎትን ያጠፋል፣ ሌሊት ከውስጥ የሚነሳ ሙቀትና ላብ ያመጣል፣ ሆደ ባሻም ያደርጋል። አባትሽ ዝም ካሉ፣ ከተነጫነጩ፣ ከሰው ከራቁ በአንቺ የመጣ አይምሰልሽ። ይህን ከእናትሽ ጋር ሆነው ሐኪሙን ቢጠይቁ ይሻላል። እኔን ከዚያ ስሜት ያወጣኝ ሰውነቴ እንደገና ሥራ ሲሠራ ማየቴ ነው፤ ጆንያ አንስቼ ጓዳ ያስገባሁ ዕለት ለባለቤቴ ጠርቼ አሳየኋት።

ማሳቸውንም አትከልክያቸው። ማረሙ፣ ውሃ ማጠጣቱ፣ መኮትኮቱ ይቻላል፤ እርሻውን ግን አጥንታቸው ታይቶ እስኪፈቀድ ሌላ ሰው ያርስላቸው። በሚቀጥለው የመርፌ ቀጠሯቸው አብረሻቸው ሂጂና እነዚህን ጠይቂ፦ አጥንታቸው ላይ የተሰራጨ ነገር አለ ወይ፣ ደም ግፊታቸው፣ ስኳራቸውና የደም መጠናቸው እንዴት ነው፣ ክብደት እንዲያነሱ ይፈቀድላቸዋል ወይ። መልሱን እዚሁ ጻፊልኝ፣ ከየትኛው እንደሚጀምሩ እንነጋገራለን።