«ሳይንስ ትወዳለህ?» ብሎ መጠየቅ ለምን አይበቃም፦ የተማሪዎችን ዝንባሌ ስለመለካት ጥያቄና መልስ

ፊዚክስ ለ11 ዓመት አስተምሬያለሁ። ከዚያ ወዲህ ሥራዬ የተማሪ መጠይቅ ማዘጋጀት፣ መተርጎምና ውጤቱን መተንተን ነው። «ተማሪዎች ለሳይንስ ያላቸውን አመለካከትና ፍላጎት ስለመለካት ጠይቁኝ» ብዬ ነበር፤ የመጡትን ጥያቄዎች በተራ እመልሳለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። የ8ኛ ክፍል አጠቃላይ ሳይንስ መምህር ነኝ፣ ከደብረ ብርሃን። ለማስተርስ ጽሑፌ 25 ጥያቄ ያለው መጠይቅ አዘጋጅቻለሁ። እያንዳንዱ ከ1 እስከ 5 ነጥብ አለው፤ ሁሉንም ደምሬ ከ125 ላወጣ ነው። ያስኬዳል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከመደመርህ በፊት አንድ ሥራ ሥራ። ከ25ቱ ጥያቄዎች ጎን እያንዳንዱ ስለ ምን እንደሚጠይቅ በአንድ ቃል ጻፍ። አንዱ ስለ ክፍለ ጊዜው ይሆናል፣ አንዱ ሳይንቲስት ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ፣ አንዱ ልጁ ሲያድግ ሊሆን ስለሚፈልገው፣ አንዱ ሳይንስ ለአገር ስለሚሰጠው ጥቅም። አሁን ሁለት ልጆች እኩል 75 አመጡ እንበል። አንደኛዋ ሳይንስ አገር ይለውጣል ብላ ከልቧ ታምናለች፤ ክፍለ ጊዜው ሲደርስ ግን ሆዷን ይቆርጣታል። ሁለተኛው ሙከራ ሲሠራ ደስታው ወሰን የለውም፤ ሙያው ግን «የእኛ ቢጤ አይደርስበትም» ብሎ ትቶታል። 75 የሚለው ቁጥር ስለ ሁለቱም ምንም አይነግርህም። ጋርድነር የተባለ አውስትራሊያዊ ተመራማሪ የተለያየ ነገር የሚለኩ ጥያቄዎችን በአንድ ላይ መደመር ትርጉም እንደሌለው በ1975 ጽፏል፤ ስህተቱ ግን ዛሬም በየመመረቂያ ጽሑፉ አለ።

መንገዱን ያሳየው ሌላው አውስትራሊያዊ ባሪ ፍሬዘር ነው። «ቶስራ» የሚባለው መጠይቁ 70 ዐረፍተ ነገሮች አሉት፤ በሰባት ክፍል፣ ለእያንዳንዱ አሥር አሥር። የክፍል ትምህርቱን መውደድ፣ በትርፍ ጊዜ ሳይንስ ላይ መዋል፣ ሙያ አድርጎ መመኘት፣ ሳይንቲስትን እንደ ማንኛውም ሰው ማየት እያለ ለየብቻ ይለካል። ሰባቱን ደምረህ አንድ ቁጥር አታወጣም። አንተም ሁለት ወይም ሦስት ክፍል ብቻ መርጠህ በደንብ ብትለካ ጽሑፍህ የበለጠ ክብደት ያገኛል።

ጥያቄ፦ እኔው ነኝ ጋሼ። ግን አልፋው፣ ማለትም የመጠይቁ አስተማማኝነት መለኪያ፣ 0.89 ወጥቷል፤ አማካሪዬም በቂ ነው ብለውኛል።

መልስ፦ አልፋ የሚነግርህ ጥያቄዎቹ አብረው ከፍና ዝቅ እንደሚሉ ነው። አንድ ነገር ብቻ እንደሚለኩ ማረጋገጫ አይሆንም። የጥያቄ ቁጥር ሲበዛም አልፋ ይጨምራል፤ 25 ጥያቄ ይዘህ 0.89 ማግኘት ብዙ አያስደንቅም። አማካሪህን በአክብሮት የፋክተር ትንተና፣ ማለትም ጥያቄዎቹ በስንት ቡድን እንደሚከፈሉ የሚያሳየውን ስሌት፣ እንጨምር በላቸው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። እንዲህ ያለ መጠይቅ ወደ አማርኛ እየተረጎምኩ ነው። ቋንቋ አዋቂ አይቶታል፣ ወደ እንግሊዝኛም ተመልሶ ተተርጉሞ ተመሳክሯል። ሌላ ምን ይቀረኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ዋናው ሥራ ገና ይቀርሻል። ልጆቹ አጠገብ መቀመጥ።

እንግሊዝኛው ብዙ ጊዜ ግማሹን ዐረፍተ ነገር በአሉታ ይጽፋል፤ ልጁ ሳያነብ እንዳያከብብ ለመቆጣጠር ነው። አማርኛ ላይ ይህ ዘዴ ይሰበራል። እኛ «አልበላህም?» ስንባል «አልበላሁም» ብለን ግሡን ነው የምንመልሰው፤ ለአሉታ አሉታ። አንድ ጊዜ ከአንዲት የ6ኛ ክፍል ልጅ ጋር አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ጮክ ብላ እያነበበች እንድትመልስ ጠየቅኳት። «የሳይንስ ክፍለ ጊዜ አይሰለቸኝም» የሚለው ላይ ደረሰች። ጣቷን በአማራጮቹ ላይ ነድታ «አልስማማም» ላይ አቆመች። «ለምን?» አልኳት። «አይሰለቸኝማ!» አለችኝ፣ ገርሟት። ሳይንስ ትወዳለች፤ ወረቀቱ ላይ ግን የምትጠላ ሆና ተመዘገበች። እንደ እሷ ያሉ 30 ልጆች ካሉሽ ውጤትሽ ተገለበጠ ማለት ነው። ተመልሶ የተተረጎመው እንግሊዝኛ ይህን አያሳይሽም፤ ትርጉሙ ትክክል ነውና።

ስለዚህ አሉታውን በሌላ ቃል ተኪው፤ «የሳይንስ ክፍለ ጊዜ ይሰለቸኛል» ብለሽ ነጥቡን ኋላ መገልበጥ ይሻላል። «ትወዳለህ/ትወጃለሽ» እያልሽ ከመጨናነቅም በመጀመሪያ መደብ ጻፊው፤ «እወዳለሁ» ወንድ ሴት አይለይም። «ፍላጎት» የሚለውን ቃል ደግሞ ተጠንቀቂበት። «የሳይንስ ፍላጎት አለኝ» ለአንዱ ልጅ «ደስ ይለኛል» ነው፣ ለሌላው «ሳይንስ መማር እፈልጋለሁ፣ ግን መጽሐፍ የለኝም» ነው። ከየክፍሉ አምስት ስድስት ልጅ አስነብቢ። ከማንኛውም ስታትስቲክስ በፊት ይህን አደራ እልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ልጆች ሳይንቲስት እንዲስሉ ተደርጎ አመለካከታቸው ይለካል ሲባል ሰምቻለሁ። ይታመናል?

መልስ፦ ይታመናል፣ ለሚለካው ነገር ብቻ። ዴቪድ ቻምበርስ በ1983 ባወጣው ጥናት በካናዳ፣ በአሜሪካና በአውስትራሊያ ያሉ 4,807 ልጆች የሳሉትን ሰበሰበ። ነጭ ጋዋን፣ መነጽር፣ ጺም፣ ብልቃጥ። ሴት ሳይንቲስት የሳሉት 28 ብቻ ነበሩ፤ ሁሉም ሴት ልጆች። በ2018 የወጣ የ78 የአሜሪካ ጥናቶች ትንተና ግን ከ1980ዎቹ ወዲህ ሴት የሚስሉት በአማካይ 28 በመቶ እንደደረሱ አሳይቷል። ነገሩ ይለወጣል ማለት ነው፤ ይህን ባነበብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

አማርኛ ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። «አንድ ሳይንቲስት ሥራውን ሲሠራ ሳሉ» ካልን ወንድ መሆኑን እኛው ነገርናቸው። «አንዲት» ብንልም ያው ነው። እኔ ሰሌዳው ላይ «ሳይንቲስት በሥራ ላይ» ብቻ ጽፌ ዝም እላለሁ። ከሳሉ በኋላ «ስሟ/ስሙ ማን ነው? የት ነው ያሉት?» ብሎ መጠየቅ ከሥዕሉ የበለጠ ያስተምራል። ደግሞም ጋዋን የሳለ ልጅ ሁሉ ሳይንስን ይርቃል ማለት አይደለም፤ ሰው የሚያውቀውን ምልክት ይስላል።

ጥያቄ፦ ከኦስሎ ነው የምጽፈው። ልጄ 15 ዓመቱ ነው፤ ሳይንስ ይሰለቸኛል ይላል። እኛ አገር ቤት ሳለን በኩራዝ ያጠናነው ትዝ እያለኝ እናደዳለሁ። ሰነፍ ሆኖ ነው?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ፣ ልጅሽ ብቻውን አይደለም። እዚያው ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ስቬን ሾበርግና ካሚላ ሽራይነር የመሩት «ሮዝ» የሚባል ጥናት ነበር፤ 40 በሚያህሉ አገሮች ያሉ የ15 ዓመት ልጆችን ጠይቋል። የኡጋንዳና የጋና ልጆች ሁሉንም ነገር መማር እንፈልጋለን ሲሉ፣ የኖርዌይና የጃፓን ልጆች የትምህርት ቤት ሳይንስ ብዙም አይስበንም አሉ። አገር በበለጸገ ቁጥር መልሱ ይቀዘቅዛል። ይህን ስንፍና ብሎ መተርጎም ስህተት ነው። ትምህርት ቤት መግባት ራሱ ዕድል በሆነበት አገር «ሳይንስ መማር እወዳለሁ» የሚለው መልስ ውስጥ የመማር ጉጉቱም አለበት። ቲምስ በሚባለው ዓለም አቀፍ የሒሳብና የሳይንስ ፈተናም የጃፓንና የኮሪያ ልጆች በውጤት ከላይ ሆነው በመውደድ ከታች ናቸው። በአንድ አገር ውስጥ ግን የሚወዱት ልጆች የተሻለ ያመጣሉ። አገርን ከአገር በመውደድ ማወዳደር የሚያሳስተው ለዚህ ነው።

ልጅሽን «ሳይንስ ትወዳለህ?» አትበይው። በሮዝ መጠይቅ ውስጥ ከመቶ በላይ ርዕሶች ነበሩ፤ ከምድር ውጭ ስላለ ሕይወት፣ ስለ ሕልም፣ ስለ በሽታ። እንደዚያ ነገሩን ዘርዝረሽ ጠይቂው።

ጥያቄ፦ የ2ኛ ክፍል ልጆችን እንዴት ልጠይቅ?

መልስ፦ ሦስት ፊት ሥዕል፣ ከስምንት የማይበልጥ ጥያቄ፣ አንቺ ጮክ ብለሽ አንብቢ። «ሳይንስ» የሚለውን ቃል ተዪው፤ ተክልን፣ ውኃን፣ ነፍሳትን ጥሪ።

ጥያቄ፦ የ11ኛ ክፍል ተማሪዎቻችን አብዛኞቹ ናቹራል መርጠዋል። ይህ ራሱ የፍላጎት መለኪያ አይሆንም?

መልስ፦ አይሆንም። የዩኒቨርሲቲ ምደባው 70 እጁ ለሳይንስና ቴክኖሎጂ በነበረበት ዘመን ናቹራል መግባት በሩ ሰፊ ወደሆነበት መሄድ ነበር። አባት «ዶክተር ሁንልኝ» ይላል፣ ጓደኛ ይጎትታል። ምርጫን መመዝገብ ጥሩ ነው፤ ከጎኑ «ቤተሰብ ባይኖርበት፣ ሥራ ሁሉ እኩል ቢከፍል ምን ትመርጥ ነበር?» የሚል ጨምሩበት። በሁለቱ መልሶች መካከል ያለው ልዩነት ነው የሚያስፈልጋችሁ።

ጥያቄ፦ ሁሉም ተማሪዎቼ «በጣም እስማማለሁ» አከበቡ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ማን ነው ያደለው? አንተው፣ የሳይንስ መምህራቸው? በቃ፣ ይሉኝታ ነው የለካኸው። ሌላ ሰው ያድል፣ ስም አይጻፍ፣ አንተ ከክፍሉ ውጣ። ከዚያም «ከእነዚህ አራት ነገሮች ቅዳሜ ምን ትሠራለህ?» ዓይነት ምርጫ ስጣቸው፤ ማስቀደም ግድ ሲሆን እውነቱ ይወጣል።

ጥያቄ፦ የሳይንስ ትርኢት አዘጋጅተን በማግሥቱ ጠየቅናቸው፤ ፍላጎታቸው በጣም ጨምሯል። ሪፖርት እናድርግ?

መልስ፦ ከሁለት ወር በኋላ ድገሙና ከዚያ ሪፖርት አድርጉ። ሂዲ እና ሬኒንገር የተባሉ ተመራማሪዎች በ2006 ፍላጎት አራት ደረጃ እንዳለው ጽፈዋል። መጀመሪያ አንድ አጋጣሚ ይጭረዋል፣ ቀጥሎ በሰውና በሁኔታ ድጋፍ ይቆያል፣ ከዚያ የልጁ የራሱ ሆኖ ይበቅላል፣ በመጨረሻ ሥር ይሰዳል። በማግሥቱ የለካችሁት የተጫረውን ነው።

ሥር የሰደደውን ደግሞ መጠይቃችን አንዳንዴ ጭራሽ አያየውም። አንድ ልጅ «በትርፍ ጊዜ» በሚለው ክፍል ከክፍሉ ሁሉ ዝቅተኛውን አመጣ። ጥያቄዎቹ ስለ ሳይንስ ክበብና በስጦታ ስለሚሰጥ መጽሐፍ ነበሩ። በዕረፍት ሰዓት አጥር ጥግ አየሁት። ከተሰበረ ቴፕ የወጣች ትንሽ ሞተር፣ ሁለት ባትሪ ድንጋይ፣ ከጣሳ የተቆረጠ ማራገቢያ። ገመዱን አገላብጦ ሲያገናኝ ማራገቢያው በተቃራኒው ዞረ፤ እንደገና አገላበጠ፣ እንደገና። «ይህ ምንድን ነው?» አልኩት። «ጨዋታ ነው» አለኝ። ማታውኑ ያንን ክፍል አውጥቼ «የተሰበረ ነገር ፈትቼ ውስጡን አያለሁ» የሚል ዐረፍተ ነገር ጨመርኩበት።